በእግዚአብሔር ማመን ዛሬም ቦታ አለውን? “ሃይማኖት ይጠፋል” የተባለው ትንቢትና የሆነው ነገር

“ሃይማኖት የድሮ ሰዎች ነገር ነው፤ አሁን ዘመኑ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ነው።” ይህን አባባል በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በመሥሪያ ቤት፣ አሁን አሁን ደግሞ በውጭ አገር ባደጉ በገዛ ልጆቻችን አንደበት እንሰማዋለን። ብዙዎቻችን የምንሰጠው ምላሽ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ተቆጥተን ዝም እናሰኛቸዋለን፣ ወይ አንድ ጥቅስ ጠቅሰን እናልፋለን። ጥያቄው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባዋል። አዲስም አይደለም፤ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለው፣ በመጽሐፍም በጠመንጃም የተሞከረ ነገር ነው። አገራችንም ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

“ሃይማኖት” ስንል ምን ማለታችን ነው?

በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ “ክርስትና ሕይወት እንጂ ሃይማኖት አይደለም” ማለት የተለመደ ነው። የአባባሉ ሐሳብ ይገባናል፤ ልብ ያልተለወጠበት ሥርዓት ሰውን አያድንም ለማለት ነው። ይሁን እንጂ በቃሉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “ሃይማኖት” የግዕዝ ቃል ሲሆን መሠረቱ ማመን ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሐዋርያው ጳውሎስ ሩጫውን ሲጨርስ ጠበቅሁት የሚለው (2ኛ ጢሞ. 4፥7)፣ ይሁዳም ለቅዱሳን አንድ ጊዜ ስለ ተሰጠ ተጋደሉለት የሚለው (ይሁዳ ቁ. 3) “ሃይማኖት” ነው። በግሪክኛው በሁለቱም ስፍራ ያለው “እምነት” የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ እኛ “ሃይማኖት ከንቱ ነው” ስንል ከማያምነው ጎረቤታችን ጋር ሳናውቀው በአንድ አፍ እየተናገርን እንዳይሆን ማሰብ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ቃሉን በሰፊው ትርጉሙ፣ ማለትም በእግዚአብሔር ማመንን እና ያ እምነት በማኅበር የሚገለጥበትን ሕይወት ለማመልከት እንጠቀምበታለን።

ትንቢቱ ከየት መጣ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦገስት ኮንት የሰው ልጅ አስተሳሰብ በሦስት ደረጃዎች እንደሚያልፍ አስተማረ። መጀመሪያ ሃይማኖታዊ፣ ቀጥሎ ፍልስፍናዊ፣ በመጨረሻም ሳይንሳዊ ይሆናል፤ ወደ ሦስተኛው የደረሰ ሕዝብ ወደ መጀመሪያው አይመለስም አለ። ሉድቪግ ፎየርባኽ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ሰው አምላክን የፈጠረው የራሱን ምኞት ወደ ሰማይ አውጥቶ በመስቀል ነው ሲል ጻፈ። ካርል ማርክስ ሃይማኖትን በኦፒየም መሰለው፤ ድህነትና ጭቆና ሲወገዱ ማስታገሻውም አያስፈልግም ማለቱ ነበር። ዚግመንድ ፍሮይድ ደግሞ በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ በአምላክ ማመን ልጅ አባቱን ከመሻቱ የመጣ ምኞት ነው አለ።

እነዚህ ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሃይማኖት የሚጠፋው ጊዜው ሲደርስ ነው፣ ጊዜውም ቀርቧል። “ታይም” የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሚያዝያ 8 ቀን 1966 (እ.ኤ.አ.) በጥቁር ሽፋን ላይ በቀይ ፊደል “እግዚአብሔር ሞቷልን?” የሚል ጥያቄ ብቻ አትሞ ሲወጣ የዘመኑን መንፈስ መግለጡ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 ታዋቂው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ፒተር በርገር ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሲናገር፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን አማኞች የሚገኙት ምናልባት በትንንሽ ቡድኖች ተሰባስበው ብቻ እንደሚሆን ተነበየ። በርገር የእምነት ጠላት አልነበረም፤ ሉተራዊ ክርስቲያን ነበር። የዘመኑ ዕውቀት ያሳየውን ነበር የተናገረው።

ያው በርገር በ1999 ባዘጋጀው መጽሐፍ ሐሳቡን ለወጠ። ዓለም በጥቂት ቦታዎች ካልሆነ በቀር እንደ ቀድሞው ሃይማኖተኛ ናት፣ በአንዳንድ ስፍራም ከቀድሞው ይልቅ በርትታለች አለ። ምሁር በሕይወት ሳለ የገነባውን በራሱ እጅ ሲያፈርስ ማየት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ለዚህ ሰውየው ሊመሰገን ይገባል።

በኃይል የማጥፋት ሙከራ

ትንቢቱ እስኪፈጸም መጠበቅ ያልፈለጉም ነበሩ። በሶቪየት ኅብረት በሞስኮ መካከል የነበረው የክርስቶስ አዳኝ ካቴድራል በታኅሣሥ 1931 (እ.ኤ.አ.) በፈንጂ ፈረሰ። በቦታው ሊሠራ የታቀደው ግዙፍ የሶቪየቶች ቤተ መንግሥት ሳይጠናቀቅ ቀርቶ ስፍራው የመዋኛ ገንዳ ሆነ። በ1937 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ስታሊን ስለ እምነት የሚጠይቅ ጥያቄ እንዲገባ አደረገ። ከሃያ ዓመት ፕሮፓጋንዳ በኋላ፣ በዚያ አስፈሪ ዘመን፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ ከሆኑት ከግማሽ የሚበልጡት “አማኝ ነኝ” ብለው አስመዘገቡ። ውጤቱ ታፈነ፣ ቆጠራውን የመሩትም ታሰሩ። ካቴድራሉ እንደገና ተሠርቶ በ2000 ተመረቀ።

አልባኒያ ከሁሉ የከፋውን መንገድ መረጠች። ኤንቨር ሆጃ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሁሉ እንዲዘጋ አድርጎ አገሪቱን በዓለም የመጀመሪያዋ አምላክ የለሽ መንግሥት አላት፤ በ1976 ሕገ መንግሥቷም ይህንኑ አጸና። እገዳው የተነሣው በ1990 ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ለብዙዎቻችን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የወላጆቻችን ሕይወት ነው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሥልጣን ሲይዝ የሃይማኖቶችን እኩልነት በማወጁ በዘውዱ ዘመን ሲገፉ የኖሩ ወንጌላውያንም ሙስሊሞችም ደስ ብሏቸው ነበር። ደስታው አልቆየም። ሶሻሊዝም ታወጀ፣ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት በየቀበሌው ተጀመረ፣ ስብሰባዎች ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት እንዲሆኑ ተደረገ። ግራ እጅን አንሥቶ “ከሁሉ በላይ አብዮቱ” ማለት ግዴታ ሲሆን ብዙ ወጣት አማኞች ከሁሉ በላይ እግዚአብሔር ነው ብለው እምቢ በማለታቸው ተገረፉ፣ ታሰሩ። “መጤ ሃይማኖት” የሚለው ስድብና “የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ” የሚለው ክስ አብረው ይሄዱ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ አፍሪካና እስያ ወንጌልን ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ባለው ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ሕዝባቸውን ጥለው ለመሄድ እምቢ ያሉ ሰው ነበሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው በ1971 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። አሳዳጁ የእምነት ድንበር እንዳልለየ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የእኛን ብቻ እየቆጠርን የሌላውን ደም ብንረሳ ታሪኩን እናጣምማለን።

በጥር 1974 ዓ.ም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ የአባላቷ ቁጥር ወደ 5 ሺህ ገደማ ነበር። ሕንፃ የሌላት፣ በሕግ የማትታወቅ፣ መጋቢዎቿ በእስር ያሉባት ቤተ ክርስቲያን በየቤቱ በአምስት በስድስት ሰው እየተከፋፈለች፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየዘመረች ኖረች። ብዙዎቹን ቤቶች የከፈቱት እናቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም ወደ አደባባይ ስትወጣ አባላቷ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ።

የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራም ይህንኑ ይመሰክራል። በደርግ ዘመን በ1976 ዓ.ም በተደረገው ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነን ያሉት 5.5 በመቶ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም ወደ 10.2፣ በ1999 ዓ.ም ደግሞ ወደ 18.6 በመቶ አደጉ። የመጨረሻው ቁጥር ወደ 13.7 ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው።

ስደት ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋልን? በመድረክ ላይ እንደዚያ ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የማርቲን ሉተር አገር የሆነው የጀርመን ምሥራቃዊ ክፍል ከ40 ዓመት የኮሚኒስት አገዛዝ በኋላ በዓለም ላይ እምነት እጅግ ከቀነሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኗል። ተሐድሶ የተጀመረባት ዊተንበርግ የምትገኝበት ክፍለ አገር ዛሬ የቤተ ክርስቲያን አባላት አናሳ የሆኑበት ነው። ቼክም እንዲሁ ናት፤ ያን ሁስ የተነሣባት አገር! ስለዚህ “በእኛ ዘንድ ያደገው ስለ ተሰደድን ነው” ብሎ መዝጋት አይቻልም። በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብብ የነበረ፣ ጎረቤቱ የሚያምነው ምእመን ባይኖር ኖሮ በእኛም ዘንድ የጀርመኑ ሊደገም ይችል ነበር።

ቁጥሮቹ ዛሬ ምን ይላሉ?

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2025 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2020 ከዓለም ሕዝብ 75.8 በመቶ የሚሆነው የአንድ ሃይማኖት ተከታይ ነኝ ይላል። ክርስቲያኖች ወደ 2.3 ቢሊዮን ናቸው። በበርገር የ1968 ትንቢት መሠረት እዚህ መድረስ አልነበረብንም።

ግን ዘገባው የሚያስደስት ብቻ አይደለም። ክርስቲያኖች በቁጥር ቢጨምሩም ከዓለም ሕዝብ ያላቸው ድርሻ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ30.6 ወደ 28.8 በመቶ ወርዷል። ምክንያቱም በክርስቲያን ቤት ተወልደው ካደጉ በኋላ የተዉት ብዙ ስለሆኑ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ ቆጠራ ክርስቲያን ነን ያሉት በ2001 ከ100 ሰው 72 የሚሆኑት ነበሩ፤ በ2021 ወደ 46.2 በመቶ ወረዱ። በአሜሪካም በጋሉፕ መረጃ የቤተ ክርስቲያን፣ የምኩራብ ወይም የመስጊድ አባል የሆነው ሕዝብ በ1999 70 በመቶ የነበረው በ2020 47 በመቶ ሆኗል። በሌላ በኩል የፒው ጥናት እንደሚያሳየው በአሜሪካ የክርስቲያኖች ቁጥር መውረድ ከ2019 ወዲህ ቀዝቅዟል።

ትልቁ ለውጥ የቦታ ለውጥ ነው። በ2020 ከዓለም ክርስቲያኖች 30.7 በመቶ የሚሆኑት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሲኖሩ በአውሮፓ የሚኖሩት 22.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ወንጌልን ላኩልን ከምንላቸው ይልቅ የተላከልን በዝተናል።

ከጠገቡ በኋላ መርሳት

ይህ የቦታ ለውጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ፒፓ ኖሪስና ሮናልድ ኢንግልሃርት የተባሉ ምሁራን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ሃይማኖት የሚጠነክረው ሰው ለነፍሱና ለኑሮው ዋስትና በሌለበት አገር ነው፤ ረሃብ፣ በሽታና ጦርነት ሲርቁ እምነትም ይቀንሳል ብለው ተከራከሩ። በአጭሩ እኛ የምንጸልየው ስለ ተቸገርን ነው ማለታቸው ነው።

ይህን ስንሰማ ወዲያው ለመቆጣት እንነሣ ይሆናል። ግን መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። ዘዳግም ምዕራፍ 8 ላይ ሙሴ እስራኤልን የሚያስጠነቅቀው ስለ ምን ነበር? ስለ ምድረ በዳው ረሃብ ሳይሆን ስለ ከነዓን ጥጋብ ነበር። በልተው ሲጠግቡ፣ መልካም ቤት ሠርተው ሲቀመጡ፣ ወርቅና ብራቸው ሲበዛ ልባቸው እንዳይታበይና አምላካቸውን እንዳይረሱ አስጠነቀቃቸው። ምሁራኑ በብዙ አገር ጥናት የደረሱበትን ሙሴ አስቀድሞ ተናግሮታል። ልዩነቱ በትርጓሜው ላይ ነው። ምሁራኑ ችግር እምነትን ይወልዳል አሉ፤ ሙሴ ደግሞ ጥጋብ ሰውን ያስረሳዋል አለ። የተረሳ ሰው የለም ማለት አይደለም፤ የመድኃኒቱን ቤት በሽታው ሲለቀው የሚረሳ ሰው ሐኪሙ ስለሌለ አይደለም የረሳው።

ትንተናው ሙሉ ነው ማለትም አይቻልም። አሜሪካ በሀብቷ ከምዕራብ አውሮፓ ጋር ተስተካክላ ሳለች ለብዙ አሥርት ዓመታት እጅግ የጸናች አማኝ ሆና ኖራለች። ደቡብ ኮሪያም ከድህነት ወደ ብልጽግና በተሻገረችባቸው ዓመታት አብያተ ክርስቲያናቷ እጅግ አድገዋል።

ለኅብረተሰብ ይጠቅማልን?

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ74 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን ለ16 ዓመታት የተከታተለ ጥናት አውጥተው ነበር። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ አምልኮ የሚሄዱት ሴቶች፣ ከማይሄዱት ጋር ሲነጻጸሩ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያቱን በእርግጠኝነት አያሳይም፤ ጤነኛ ሰው ወደ አምልኮ መሄድ ይቀለዋል ሊባል ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማረም ሞክረዋል። ከጥቅሙ አንዱ ክፍል ምእመናን እርስ በርስ ከሚደጋገፉት እንደሚመጣም አይተዋል። ለታመመ ሰው ምግብ ይዞ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ በኅብረት መጸለይ የምንላቸው ተራ ነገሮች ተራ አይደሉም ማለት ነው።

ሮበርት ውድቤሪ የተባለ ምሁር ደግሞ በዚያው ዘርፍ ባለው ታዋቂ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ላይ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በስፋት ያገለገሉባቸው አገሮች በትምህርት፣ በኅትመትና በዲሞክራሲ እንደተሻሉ አሳይቷል። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያሻንም። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። አስቴርም ከባርነት ነፃ የወጣች ነበረች። ሰው ገበያ ላይ ዋጋ የተቆረጠላቸው ሁለት ሰዎች ለሚሊዮኖች በገዛ ቋንቋቸው መጽሐፍ ሰጡ።

ነገር ግን ሌላም ገጽ አለ። ሩዋንዳ ሕዝቧ በአብዛኛው ክርስቲያን የሆነች አገር ነበረች፤ መላውን ምሥራቅ አፍሪካ ያዳረሰው ሪቫይቫል በ1930ዎቹ የተነሣውም በሩዋንዳ ጋሂኒ ነው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) በመቶ ቀናት ውስጥ ወደ 800 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ሲታረድ ሰዎች የሸሹት ወደ አብያተ ክርስቲያናት ነበር፤ በንያማታና በንታራማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጨፈጨፉ። ገዳዩም ሟቹም አንድ መዝሙር ያውቁ ነበር። በእኛም አገር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በሰሜን በተካሄደው ጦርነት በሁለቱም ወገን ከተሰለፉት አብዛኞቹ በአንዱ አምላክ ስም የሚጸልዩ ነበሩ። ሃይማኖት ለሰላም ይጠቅማል ብለን ለማያምን ሰው ስንናገር እርሱ ይህን ቢያነሣብን ዝም ማለት ወይም “እነዚያ እውነተኛ አማኞች አይደሉም” ብሎ መሸሽ አያዋጣንም። ጎሣ ከጥምቀት በላይ ሲከብር ምን እንደሚሆን ከማንም ይልቅ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ጥቅሙ ወይስ እውነትነቱ?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ዳውኪንስና ክሪስቶፈር ሂችንስ የመሳሰሉ ጸሐፊዎች ሃይማኖት ሐሰት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው የሚሉ መጻሕፍት አሳትመው በሰፊው ተነብበዋል። የዳውኪንስ መጽሐፍ የወጣው በ2006 ነበር። ያው ዳውኪንስ በ2024 በሰጠው ቃለ ምልልስ ባያምንም ራሱን “በባህል ክርስቲያን” አድርጎ እንደሚቆጥር ተናገረ፤ መዝሙሩንና ካቴድራሎቹን ይወድዳል። ከእርሱ ጋር በአንድ ጎራ የነበረችው ትውልደ ሶማሊያዊት አያን ሂርሲ አሊ ደግሞ በኅዳር 2023 ክርስቲያን መሆኗን አስታወቀች። ብዙዎቻችን ዜናውን በደስታ ተቀባበልነው። የዳውኪንስን አባባል ግን በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። ሥሩን ቆርጦ ፍሬውን መፈለግ ነውና።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ከዚህ የተለየ ክርክር አቀረበ። ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችን ከንቱ ነው፣ ከሰውም ሁሉ ይልቅ የምናሳዝን ነን አለ እንጂ፣ ባይነሣም እንኳ ለጤናና ለማኅበራዊ ኑሮ ይጠቅማል አላለም። ስለዚህ እምነት ዛሬ “ያስፈልጋል ወይ” የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው፤ የመጀመሪያው “እውነት ነው ወይ” የሚለው ነው። ወጣቶቻችን የሚጠይቁን በአብዛኛው ይህንን የመጀመሪያውን ነው፤ እኛ ግን ሁለተኛውን እንመልስላቸዋለን። “ከሱስ ይጠብቅሃል፣ ትዳርህን ይባርካል” እንላቸዋለን። እነርሱ ደግሞ ከሱስ የጸዳ፣ ትዳሩ የሰመረ የማያምን የክፍል ጓደኛ አላቸው።

በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በስቶክሆልም ወይም በለንደን ባሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ይህ ነገር በየሳምንቱ የሚታይ ነው። በዋናው አዳራሽ ወላጆች በአማርኛ ያመልካሉ፤ በምድር ቤቱ ክፍል ልጆች በእንግሊዝኛ ወይም በአገሩ ቋንቋ ይማራሉ። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ የወላጆቹን ስብከት ለመረዳት አማርኛው አልበቃውም፣ ስለ ትንሣኤ ማስረጃ፣ ስለ ፍጥረትና ስለ መከራ ለሚነሡት ጥያቄዎች ደግሞ በምድር ቤቱ የተማረው የሥዕል ታሪክ አይበቃውም። በእስር ቤት ጸንቶ የኖረው አባት ለምን እንዳልካደ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ነግሮት አያውቅም። አንዳንድ አጥቢያዎች በቅርብ ዓመታት ለወጣቶች በራሳቸው ቋንቋ የሚያገለግል መጋቢ መመደብ፣ በወር አንድ ምሽትም ለጥያቄ ብቻ መክፈት ጀምረዋል። በእነዚህ ምሽቶች ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዳይኖሰር ወይም ስለ ቢግ ባንግ አይደለም፤ “እናንተ ባትቸገሩ ኖሮ ታምኑ ነበር?” የሚል ነው።